ሰባ ስድስት ከመቶ

አባቴ እናቴን በመንጃ ፈቃድ ፈተና ሦስት ጊዜ ጥሏታል። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ ይህን ለክፍል ጓደኞቼ የማወራው ደረቴን ነፍቼ ነበር። የነሱ አባቶች ሐኪም፣ ነጋዴ፣ አናጢ ነበሩ፤ የገዛ ሚስቱን ሦስት ጊዜ የጣለ ግን የኔ አባት ብቻ ነበር።

አባቴ የመንጃ ፈቃድ ፈታኝ ነው። መሥሪያ ቤቱ በሠራተኞች አውቶቡስ ግማሽ ሰዓት የሚያስኬድ፣ በሽቦ አጥር የታጠረ ሜዳ ነበር። አስፋልቱ ላይ በነጭ ቀለም ስምንት ቁጥር ተሥሏል፤ ጥግ ላይ ስድስት በርሜሎች ተደርድረዋል፤ መሃል ላይ ከሲሚንቶ የተሠራ፣ ከፍታው ከኔ ቁመት ብዙም የማይበልጥ "ዳገት" አለ። እዚያ ሜዳ ላይ አባቴ ንጉሥ ነበር። ተፈታኞቹ ከጀርባው "አቶ ድጋሚ" ይሉታል። እኔ የማዕረግ ስም መስሎኝ አንድ ቀን እራት ላይ "አቶ ድጋሚ፣ ውሃ ያቀብሉኝ" አልኩት። እናቴ ምን እንደነካት እንጃ፣ ድንገት ተነስታ ወጥ ቤት ገባችና ብዙ ቆየች።

እናቴ አዋላጅ ነርስ ነበረች። ጤና ጣቢያው እየዞረች ራቅ ባሉ መንደሮች የምታዋልድ ነርስ ይፈልግ ነበር፤ መኪናው ተገኝቷል፣ ሹፌር የሚቀጠርበት በጀት ግን የለም። ስለዚህ ቦታው የሚሰጠው መንጃ ፈቃድ ላላት ነርስ ነው። አለቃዋ እስከ ወሩ መጨረሻ ድረስ ቦታውን ይዘውላታል፤ ከዚያ ካለፈ ለሌላ ይሰጣል። እኔ ይህን ሁሉ የማውቀው በአክስቴ በኩል ነው። የአባቴ እህት ናት፤ ጸጉሬን እያበጠረች "እናትሽ መንጃ ያወጣች ቀን እናት አለኝ ብለሽ እንዳትቆጥሪ። መኪናዋን አስነስታ ውልቅ ነው" ትለኛለች። ማበጠሪያው ከዚህ በኋላ የበለጠ ያመኛል። ስለዚህ በየፈተናው ዋዜማ እናቴ እንድትወድቅ እጸልያለሁ፤ አባቴም ጸሎቴን ይሰማል።

በመጀመሪያው ፈተና ጎማዋ ነጩን መስመር ነካ። በሁለተኛው ፍሬቻ አዘገየች። በሦስተኛው ምንም ስህተት ስላልተገኘ አባቴ ሌሊቱን ሲያስብ አድሮ ጠዋት ምክንያቱን ነገራት።

"ፊትሽ ላይ ጭንቀት አይታይም። የማይጨነቅ ሰው ደግሞ ጥንቃቄ የለውም።"

"ታዲያ ሌላ ፈታኝ ይፈትነኝ" አለች እናቴ።

"ሌላ ሰውማ እኔን ፈርቶ ያሳልፍሻል። አድልዎ ይሆናል።"

"ያንተ ፍትሕ ቤቱን ሞልቶት እኮ እኔ መቀመጫ አጣሁ" አለችና ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወደ ሥራዋ ሄደች። እኔ መቀመጫ ፍለጋ ዓይኔን በሳሎኑ አንከራተትኩ፤ አራት ወንበር ነበረን።

ዛሬ የሚገባኝ ሌላ ነው። ዘመድ አያውቅም ተብሎ ለመመስገን ሚስትን ከመጣል የቀለለ መንገድ የለም። ሚስት ይግባኝ የምትልበት ቢሮ የላትም።

እሁድ እሁድ ከሰዓት አባቴ የሳምንቱን የፈተና ቅጾች ጠረጴዛ ላይ ይዘረጋል። ሠላሳ ባዶ ቅጽ ላይ አስቀድሞ ይፈርማል፤ እኔ ደግሞ ማህተሙን እመታለሁ። "ሜዳ ላይ ጊዜ ይቆጥባል" ይለኛል። ማህተሙ ቀጥ ብሎ ካረፈ ራሴን ይዳብሰኛል። በሕይወቴ ከዚያ የሚበልጥ ሥልጣን አግኝቼ አላውቅም፤ እሱም ቢሆን ባዶ ቅጽ ላይ መፈረም ክልክል መሆኑን አልነገረኝም።

በዚያው ወር መሥሪያ ቤቱ ለአሥራ አምስት ዓመት ያላዳላ ሠራተኛ ብሎ አባቴን ሸለመው። ሽልማቱ የአራት ቀን ጉዞ ነበር። የኪራይ መኪና፣ የተያዘ ሆቴል፣ የሚያብረቀርቅ በራሪ ወረቀት፤ ወረቀቱ ላይ "ተራራ፣ ባህል፣ ባሕር! መሪው በእጅዎ!" ይላል። ፎቶው ላይ ነጭ ጥርስ ያለው ሰውዬ በአንድ እጁ መሪ ይዞ በሌላው ለተራራው ሰላምታ ይሰጣል። አባቴ ፎቶውን ለረጅም ጊዜ ካየው በኋላ "ሁለት እጅ መሪ ላይ። አራት ነጥብ" አለ።

ጉዞው የተጀመረው ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ነው ቢባልም ውሸት ነው። በሁለት ሰዓት መኪና ውስጥ ገባን፤ አባቴ ወንበሩን፣ መስታወቶቹንና ቀበቶውን እስኪያስተካክል ሊሸኙን የወጡት ጎረቤቶች እጃቸውን ማውለብለብ ታክቷቸው ገቡ። ከከተማው ስንወጣ አንድ ብስክሌት ቀደመን። ቀጥሎ ሣር የጫነ ጋሪ ቀደመን። "ወደ መቃብሩ የሚቸኩል ይቅደም" አለ አባቴ። እኔ ለባለጋሪው አዘንኩለት። አባቴ ፈቃዱን ካወጣበት ቀን ጀምሮ ከዚያ ከታጠረው ሜዳ ውጭ አንድም ቀን ነድቶ እንደማያውቅ የሰማሁት እኔ ራሴ ልጅ ከወለድኩ በኋላ ነው።

ተራራው በኛ በኩል ቀስ እያለ ስለሚወጣ ያለ ችግር እኩለ ቀን እንዳለፈ አናቱ ላይ ደረስን። በራሪ ወረቀቱ "ባህል" የሚለው እዚያ ነበር። አራት የሳር ጎጆዎች፣ ትኬት የምትቆርጥ ሴት፣ ቆዳ ለብሶ ላባ የሰካ፣ ጦር የያዘ የጎሳ አለቃ። አንዲት ሴት ደግሞ ክር ትፈትላለች። አስጎብኚው "ከሺህ ዓመት ጀምሮ እንዲህ ነው የሚኖሩት" ሲል፣ ፈታይዋ እንዝርቷን አስቀምጣ የእጅ ሰዓቷን አየችና መልሳ አነሳችው። ከጎጆዎቹ ኋላ ሰማያዊ የጭነት መኪና ቆሟል። የሺህ ዓመት መሆን አለበት ብዬ ለብቻዬ ዞርኩት።

አለቃው አባቴን ሲያይ ጦሩ ከእጁ ሊወድቅ ነበር።

"ጌታዬ! አቶ ድጋ…" ብሎ ቀሪውን ዋጠው። "አራት ጊዜ የጣሉኝ እኮ ነኝ! በአምስተኛው እርስዎ ታመው ሌላ ፈታኝ ደረሰኝና አለፍኩ። ጠዋት ጠዋት በዚያች መኪና ወደብ ደርሼ እመለሳለሁ፤ ከሰዓት ደግሞ እዚህ አለቃ ነኝ።"

አባቴ አራት ጊዜ የወደቀ ሰው አለቃ መሆኑ አልተመቸውም መሰለኝ።

"ታዲያ ጌታዬ፣ ቁልቁለቱ ሌላ ነው" አለ አለቃው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "በሁለተኛ ማርሽ ይውረዱ። ፍሬን ላይ እንዳይቆሙ፤ ከጋለ አይይዝልዎትም።"

"እኔን ነው የምታስተምረው?"

"ኧረ እኔ ማን ነኝ ጌታዬ!" አለ። አባቴ ወደ መኪናው ሲሄድ ግን ወደ እናቴ ጠጋ ብሎ "እመቤቴ፣ በሬ ሆይ ሳሩን አየህና ይባል የለ" አላት።

"ሰምቻለሁ" አለች እናቴ። "ሁለተኛ ማርሽ።"

በሬም ሳርም አላየሁም። ለአባቴ ልነግረው ስል እናቴ እጄን ጨበጠችኝ።

ቁልቁለቱ ከተራራው ወዲያ ማዶ ይጀምራል። መንገዱ ይታጠፋል፣ መልሶ ይታጠፋል፤ በግራ ድንጋይ፣ በቀኝ ምንም። ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ ከታች፣ ከታች፣ ሰማያዊ ነገር ብልጭ አለ። አባቴ መንገዱ መሃል ላይ ቀጥ አድርጎ አቆመ። ባሕሩን ሊያሳየን ያቆመልን መሰለኝና አጨበጨብኩ።

የተቃጠለ ጎማ የመሰለ ሽታ መኪናው ውስጥ ገባ። ከኋላችን የጭነት መኪናዎች መጡና ጡሩንባቸውን ለቀቁት። አባቴ መሪውን ይዞ ወደፊት ያያል፤ የጣቶቹ መገጣጠሚያ ነጭ ሆኗል።

"ተንፍስ" አለች እናቴ። "በአፍንጫህ አስገባ። በአፍህ አውጣ። ጎበዝ። ደግሞ አንዴ።"

ይህን ድምጿን አውቀዋለሁ። የጎረቤታችን ሚስት ምጥ የመጣባት ቀን የሰማሁት ነው። ስለዚህ አባቴ ምን ሊወልድ እንደሆነ ለማየት በሁለቱ ወንበሮች መሃል አንገቴን አሰገግኩ።

"እግሬ" አለ አባቴ። "እግሬ እምቢ አለኝ።"

"አውቃለሁ። ና ወደዚህ ተሻገር፣ እኔ ልንዳ።"

"ያለ ፈቃድ? እኔ አጠገብሽ ተቀምጬ? አሥራ አምስት ዓመት…"

ከኋላ ያለው ጡሩንባ አሥራ አምስቱን ዓመት አቋረጠው።

"እንግዲያው ፈትነኝ" አለች እናቴ።

"ምን?"

"ፈታኝ አይደለህ? ፈታኝ አጠገቡ ካለ ተፈታኝ መንዳት ይችላል፤ ሕጉን ያነበብክልኝ አንተ ነህ። ቦርሳህን ይዘሃል፣ ቅጽ አለህ። ፈትነኝ።"

አባቴ ወደ ባሕር ሲሄድ እንኳ የሥራ ቦርሳውን ይዞ ነበር። የመጣ ሁሉ ይምጣ ብሎ ተሻገረና ቅጹን አወጣ፤ ፊርማውና እኔ የመታሁት ማህተም ከግርጌው አሉ። እስክሪብቶው ግን በእጁ አልቆም አለ። ወደ ኋላ ዞሮ የመጻፊያ ሰሌዳውን ከነቅጹ ለኔ ሰጠኝ። ልቤ ቅቤ ጠጣ።

"በጥንቃቄ ጻፊ፣ የኔ ልጅ" አለች እናቴ በመስታወቱ እያየችኝ። "ስርዝ ድልዝ እንዳይኖረው።" ለእጅ ጽሑፌ የተጨነቀች መስሎኝ ነበር።

መኪናዋ በሁለተኛ ማርሽ እያጉረመረመች መውረድ ጀመረች። አባቴ በአንድ እጁ የበሩን እጀታ ጨብጦ ዓይኑን ጨፈነ። ታላቅ ፈታኝ በጆሮው ነው የሚፈትነው ብዬ ተደነቅኩ።

"ማርሹ ጮኸ። ሁለት ቀንሺ" አለ።

እስክሪብቶዬን አነሳሁ። አክስቴ ትዝ አለችኝ፤ ማበጠሪያዋም። አባቴ ደክሞታል፣ ድምፁም ልፍስፍስ ብሏል፤ እናቴን እንደወትሮው የሚጥላት አልመሰለኝም። ስለዚህ ላግዘው ብዬ ሁለት በሚባለው ቦታ አራት ጻፍኩ።

"ተፈታኝ መስታወት አላየችም። ሁለት።" ዓይኑ አልተገለጠም። አራት ጻፍኩ።

"መታጠፊያው ሰፋ። ሁለት።" አራት። "ጡሩንባ መስጠት ነበረባት። ሁለት።" አራት። "ፍጥነት። ሁለት።" በዚያ ሰዓት አንድ የጭነት መኪና ሹፌር በመስኮቱ እየተሳደበ ቀደመን። አራት።

"ዓይንህን ግለጥ እንጂ" አለች እናቴ፤ ድምፅዋ ለስልሶ ነበር። "ባሕሩን ብታየው እንዴት ያምራል መሰለህ።"

"በፈተና ላይ ከፈታኝ ጋር ማውራት። ሁለት" አለ አባቴ።

እሱንም አራት አደረግኩት። እናቴ ከዚያ በኋላ እስከ ታች አልተናገረችም።

ከቁልቁለቱ ግርጌ የትራፊክ ፖሊስ የሚወርዱትን ሁሉ እያስቆመ ፍሬናቸውን ይመረምራል። በመስኮቱ ጎንበስ ሲል አባቴን ለየው።

"ጌታዬ! እርስዎ ነዎት? እኔንም እኮ የፈተኑኝ እርስዎ ነዎት!" ከዚያ መሪው ላይ ያለችውን እናቴን አየ። "እመቤቴ፣ ፈቃድዎን?"

አባቴ ዓይኑን ገለጠ። መሬቱ ሜዳ መሆኑን ሲያይ ደሙ ተመለሰ። ሚስቴ ያለ ፈቃድ ቁልቁለት አወረደችኝ ላለማለት የቀረው አንድ መንገድ ነው።

"ፈተና ላይ ነን" አለ አፉን ሞልቶ።

ፖሊሱ ሰላምታ ሰጠና ቅጹን ከኔ ተቀበለ። የፈተና መኪና ያስቆመ ፖሊስ ሰዓቱንና የራሱን ቁጥር በዳር ላይ መጻፍ ደንብ ነው፤ ጻፈ። ከዚያ ጣቱን እያወረደ ደመረ። "ሃያ አራት ተቀንሷል። ሰባ ስድስት። ማለፊያው ሰባ አምስት አይደል ጌታዬ?"

አባቴ ፖሊሱን አየ፣ ተራራውን አየ፣ እኔን አየ።

"ነው" አለ።

ፖሊሱ በመስኮቱ እጁን ሰዶ እናቴን ጨበጣት። "ይቺን ቁልቁለት የተፈተነ ሰው አይቼ አላውቅም!" እኔ ለቅሶዬን ለቀቅኩት። "ደስ ብሏት ነው" አለችው እናቴ፣ ቅጹን ከእጁ እየተቀበለች።

ሁለት መቶ ሜትር ያህል ሄደን አባቴ አስቆማትና መሪውን ተረከበ። ሆቴሉ በር ላይ እሱ እየነዳ ገባ፤ ዘበኛው በእግሩ ይቀድመው ነበር።

በማግስቱ ጠዋት አባቴ ጫማውን አስሮ፣ ካልሲውን ስቦ፣ አሸዋው ላይ ቦርሳውን ታቅፎ ተቀመጠ። ቦርሳውን ሦስት ጊዜ ፈተሸው።

"ያ ቅጽ የት አለ? ለጊዜው ያህል የሞላነው ነው፤ መቀደድ አለበት።"

እናቴ ከባሕሩ ወጥታ ጸጉሯን እየጨመቀች ነበር። "ኪሴ ነበር። ንፋስ ወሰደው መሰለኝ፤ ወደ ውሃው ሲበር አየሁ" አለች።

በቀሩት ሁለት ቀናት እኔ ባሕር አላየሁም። ያየሁት የባሕሩን ዳር ነው፤ ቅጹን አግኝቼ ለአባቴ ልመልስና ራሴን እንዲዳብሰኝ። የጠርሙስ ክዳንና አንድ እግር ነጠላ ጫማ አገኘሁ። እናቴ ጥላ ሥር ሆና ስፈልግ አየችኝ እንጂ ተይው አላለችኝም። ቅጹ በዚያን ጊዜ አራት ታጥፎ በግራ ጫማዋ ገበር ሥር ነበር።

ሰኞ ከቀትር በፊት መዝገብ ቤት አስገባችው። ማክሰኞ ጠዋት አባቴ ሜዳው ላይ ሲደርስ ሠራተኛው ሁሉ ተሰልፎ አጨበጨበለት። ሚስቱን በስምንት ቁጥር ሳይሆን በተራራ ላይ የፈተነ ሰው! በአንድ ነጥብ ብቻ ያሳለፈ፣ ሳንቲም የማያዳላ ሰው! አባቴ ቅጹን አያውቀው ነገር ፊርማው የሱ ነው፤ ማህተሙ አለ፤ የፖሊሱ ቁጥር አለ። ልካድ ካለ ደግሞ መናገር ያለበት ሦስት ነገር ነው። ባዶ ቅጽ ቤቱ ተቀምጦ እንደሚፈርም፣ የሞላችው የዘጠኝ ዓመት ልጁ እንደሆነች፣ ተራራውን ዓይኑን ጨፍኖ እንደወረደ። ሦስቱንም ዋጣቸውና "ግዴታዬን ነው የተወጣሁት" አላቸው። በዓመቱ ለዚሁ ሌላ የምስክር ወረቀት ሰጡት፤ ሳሎናችን ውስጥ ከመስታወቱ በላይ ተሰቀለ።

እናቴ ወሩ ሊያልቅ ሦስት ቀን ሲቀረው ሥራውን ያዘች። አልዋሽም፣ ናፈቀችኝ። ስንት እራት ያለ እሷ በላን፤ አባቴ እንቁላል መቀቀል እስኪችል ስንት እንቁላል ፈነዳ። አክስቴ ግማሹን ልክ ነበረች። ግማሹን ግን አልነገረችኝም፤ እናቴ አቧራ ለብሳ ስትገባ ከዚያ በፊት አይቼባት የማላውቀውን ፈገግታ ይዛ ነበር የምትገባው።

ባለፈው ዓመት ጡረታ ስትወጣ ጤና ጣቢያው አዳራሽ ውስጥ ሸኟት። ያዋለደቻቸው ልጆች ልጆቻቸውን ይዘው መጡ። አባቴ፣ ጸጉሩ ነጭ፣ ክራቫቱ ቀጥ ያለ፣ ማንም ሳይጋብዘው ማይክሮፎኑን ያዘ።

"ያንን ቁልቁለት" አለ፣ "ዓይኔን ሳላርገበግብ ነው የፈተንኳት!"

እውነቱን ነው፤ የተጨፈነ ዓይን አይርገበገብም። እየሳቅኩ ወደ እናቴ ዞርኩ። እሷም ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

"ስድስት ጊዜ ሁለት ሁለት ነው ያለው" አለችኝ። "መሪ ይዤ ስቆጥር ነበር። አሥራ ሁለት።"

ፊቴ እሳት ሆነ። ሠላሳ ሦስት ዓመት ሙሉ ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ ብዬ ነው የኖርኩት።

"ታዲያ… ለምን ዝም አልሽ?"

"ቅጹን ላርመው ብል ስርዝ ድልዝ ይሆናል። አይቀበሉትም።" እጇን ጉልበቴ ላይ አኖረች። "በአንድ ነጥብ ነው ያመለጥኩሽ፣ ልጄ።"

አባቴ መታጠፊያዎቹን አንድ በአንድ እየተረከ ነው፤ ሰውም እየሳቀለት ነው። እናቴ ዓይኗን ከሱ ላይ ሳታነሳ ጨመረችልኝ።

"እሱስ የቀነሰው ፈርቶ ነው። ያንቺ እጅ ግን አልተንቀጠቀጠም።"

ንግግሩን ሲጨርስ አዳራሹ አጨበጨበ። እሷም አጨበጨበች፤ እኔም አጨበጨብኩ።